ነጥብ ወረፋ ነው ወይ? በምዕራብ አሜሪካ የአደን ዕጣ የመውጣት ዕድል እንዴት ይሰላል

በየዓመቱ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች የትልልቅ እንስሳት አደን ማመልከቻ ይገባል። በዋናነት ዕጣ የሚጣልባቸው እንስሳት ትልቁ የአጋዘን ዘመድ ኤልክ፣ ጆሮው እንደ በቅሎ የረዘመው ሚዩል ዲር የሚባለው አጋዘን፣ የሜዳው ሯጭ ፕሮንግሆርን፣ ግዙፉ ሙስ፣ ቀንደ ጥምዝማዙ የዱር በግ ቢግሆርን እና የተራራ ፍየል ናቸው። በብዙዎቹ ግዛቶች ዕጣ ያልወጣለት አመልካች በየዓመቱ አንድ ነጥብ ያጠራቅማል። ውጤት በወጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ «ያ ቀጣና አምና በ8 ነጥብ ወጥቷል፤ ዘንድሮ እኔ 8 ነጥብ አለኝ፤ እንዴት ሳይደርሰኝ ቀረ?»

ጥያቄው አሁን ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። ኮሎራዶ ለአሥርተ ዓመታት ስትሠራበት የኖረችውን የነጥብ ሥርዓት ከ2028 ጀምሮ ለመቀየር ወስናለች፤ ለኤልክ፣ ለአጋዘን፣ ለፕሮንግሆርንና ለድብ ከሚሰጠው ፈቃድ ግማሹ በነጥብ ብልጫ፣ ግማሹ ደግሞ በዕጣ ይከፋፈላል። ኮሎራዶ፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ግዛቶች ስለሆኑ በዴንቨር፣ በላስ ቬጋስና በሲያትል ያሉ አማርኛ አንባቢዎች ጉዳዩን በሩቅ የሚሰሙት ብቻ አይደለም። ማመልከት የሚችሉበት፣ ገንዘብም የሚከፍሉበት ነገር ነው።

ፈቃዱ ለምን በቁጥር ተወሰነ?

የየግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት መሬቱን ዩኒት በሚባሉ ቁጥር በተሰጣቸው ቀጣናዎች ይከፍላል። ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ በክረምት፣ መሬቱ በረዶ ለብሶ እንስሳቱ በግልጽ በሚታዩበት ወቅት፣ ከሄሊኮፕተር ላይ ሆነው ይቆጥራሉ። ለ100 እንስት ስንት ተባዕት እንዳለ፣ ከ100 እናት ስንት ግልገል እንደተረፈ ያሰላሉ። የዓመቱ የፈቃድ ቁጥር ከዚህ ስሌት ይወጣል። ታግ የሚባለው ፈቃድም ዝርዝር አለው፤ እንስሳውን፣ ፆታውን፣ ቀጣናውን፣ የሚታደንበትን ቀንና የመሣሪያውን ዓይነት ይወስናል። በቀስት የሚታደንበት ፈቃድ በጠመንጃ አያገለግልም፤ ዕጣውም ለየብቻ ነው።

ዝነኛ ቀጣናዎች ዝነኛ የሆኑት አብዛኛውን ጊዜ እንስሳ ከሌላው ስለበዛባቸው አይደለም። ተባዕቱ እስኪያረጅ፣ ቀንዱም እስኪገዝፍ ድረስ ጥቂት አዳኝ ብቻ ስለሚገባባቸው ነው። በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ያሉት የኤልክ ቀጣናዎች 2፣ 10 እና 201 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ከግዛቱ ውጭ የሚያመለክት ሰው ለእነዚህ ከ20 በላይ ነጥብ ያስፈልገዋል። በየዓመቱ አንድ ነጥብ ብቻ እንደሚገኝ ሲታሰብ ይህ ከሃያ ዓመት በላይ ማለት ነው።

የፈቃዱ ቁጥር በአየር ጠባይም ይወርዳል። በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ የነበረው ከባድ ክረምት በደቡብ ምዕራብ ዋዮሚንግና በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ብዙ ሚዩል ዲርና ፕሮንግሆርን ፈጅቶ የፈቃድ ቅነሳ አስከትሏል። እንዲህ ባለው ዓመት የአመልካቹ ቁጥር ባይጨምርም ዕድሉ ይጠብባል።

በነገራችን ላይ በኢትዮጵያ የደጋ አጋዘንን የመሰሉ እንስሳት የሚታደኑትም በኮታ ነው፤ ነገር ግን ፈቃዱ የሚሸጠው የአደን ቀጣና በያዙ አስጎብኚ ድርጅቶች በኩል ለከፋይ ደንበኛ ነው። ለተራው ነዋሪ በዕጣ የሚደርስበት መንገድ የለም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ አሠራር የዱር እንስሳው የግዛቱ ሕዝብ ንብረት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው «ለማን፣ በምን ፍትሕ ይድረስ?» በሚለው ዙሪያ ነው።

ያው 10 ፈቃድ፣ አራት ዓይነት ዕጣ

ግዛቶቹ የሚጠቀሙባቸው ቀመሮች ብዙ ቢመስሉም በአራት ይጠቃለላሉ። ልዩነታቸውን ለማየት አንድ የምሳሌ ቀጣና እንውሰድ። 10 ፈቃድና 1,000 አመልካች አለ። ከአመልካቾቹ 500ው ምንም ነጥብ የላቸውም፣ 300ው እያንዳንዳቸው 5 ነጥብ፣ 200ው ደግሞ 10 ነጥብ አላቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ የሌለበት ተራ ዕጣ ነው። ኒው ሜክሲኮና አይዳሆ በዚህ ይሠራሉ። ለሁሉም ዕድሉ እኩል 1 በመቶ ነው፤ ትናንት የጀመረውና ሃያ ዓመት የሞከረው አይለያዩም።

ሁለተኛው የቅድሚያ ነጥብ ነው፤ ፕሪፈረንስ ፖይንት ይሉታል። ዕጣ ያልወጣለት በየዓመቱ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ፈቃዱ ከከፍተኛው ነጥብ ጀምሮ ወደ ታች ይታደላል። በምሳሌያችን 10ሩም ፈቃድ ለ200ዎቹ ባለ 10 ነጥቦች ይሄዳል። የእነሱ ዕድል 5 በመቶ ሲሆን የሌሎቹ 800 ሰዎች ዕድል ዜሮ ነው። «ትንሽ» ማለት አይደለም፤ ጭራሽ ዜሮ ነው።

ሦስተኛው ተራ የቦነስ ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ እንደ አንድ ተጨማሪ የዕጣ ወረቀት ይቆጠራል፤ ነጥብ የሌለውም አንድ ወረቀት አለው። ባለ 10 ነጥብ 11፣ ባለ 5 ነጥብ 6፣ ነጥብ የሌለው 1 ወረቀት ሲይዙ ጠቅላላው 4,500 ይሆናል። ዕድላቸው በቅደም ተከተል 2.4፣ 1.3 እና 0.2 በመቶ ገደማ ነው።

አራተኛው ነጥቡ በራሱ የሚባዛበት ቦነስ ነው። ኔቫዳ ነጥቡን በራሱ አባዝታ 1 ትጨምራለች፤ ሞንታናና ዋሽንግተንም ነጥብን በራሱ ያባዛሉ። በኔቫዳ ቀመር ባለ 10 ነጥብ 101፣ ባለ 5 ነጥብ 26፣ ነጥብ የሌለው 1 ወረቀት ይይዛል። ጠቅላላው 28,500 ወረቀት ነው። ባለ 10 ነጥቡ 3.5 በመቶ፣ ባለ 5 ነጥቡ 0.9 በመቶ፣ አዲሱ ደግሞ 0.035 በመቶ ዕድል ይኖረዋል። የመጨረሻው ከ2,800 ሰው አንድ እንደማለት ነው።

ይህን ስሌት ረጋ ብሎ ለሚያይ ሰው ሁለት ነገር ይገለጥለታል። አንደኛ፣ በኔቫዳ «101 ጊዜ ዕጣ ውስጥ ነኝ» የሚለው ሰው አሥር ዓመት ጠብቆም ከ100 አመልካች 96ቱ ባዶ እጃቸውን በሚመለሱበት ክፍል ውስጥ ነው። 101 ወረቀት ብዙ የሚሆነው ሌሎቹ ጥቂት ሲይዙ ነው፤ እዚህ ግን 199 ሌሎች ሰዎችም 101 ወረቀት ይዘዋል። ሁለተኛ፣ የትኛውም ቀመር 11ኛ ፈቃድ አይፈጥርም። ቀመር የሚቀይረው ፈቃዱ በማን እጅ እንደሚወድቅ ብቻ ነው፤ ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የተቀነሰ ነው።

አብዛኞቹ ግዛቶች እነዚህን ቀላቅለው ይጠቀማሉ። ዋዮሚንግ ከግዛቱ ውጭ ለሚመጡ የኤልክ፣ የአጋዘንና የፕሮንግሆርን አመልካቾች 75 በመቶውን በቅድሚያ ነጥብ፣ 25 በመቶውን በተራ ዕጣ ትሰጣለች፤ ለራሷ ነዋሪዎች በእነዚህ እንስሳት የነጥብ ወረፋ የለባትም። ዩታ በውስን ቀጣናዎች ግማሹን ከፍተኛ ነጥብ ላላቸው፣ ግማሹን በቦነስ ታወጣለች። አሪዞና እስከ 20 በመቶ የሚደርሰውን አስቀድማ ከፍተኛ ነጥብ ላላቸው ትሰጥና የቀረውን በቦነስ ዕጣ ትጥላለች። ኮሎራዶ ለሙስ፣ ለቢግሆርንና ለተራራ ፍየል እስካሁን የምትሠራበት አካሄድ ደግሞ አመልካቹ መጀመሪያ 3 ነጥብ እንዲያጠራቅም ያስገድዳል። አዲስ ጀማሪ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ዕድሉ ዜሮ መሆኑን ሳያውቅ ውጤት ሲጠብቅ ይከርማል።

ዕቁብ ቢሆን ኖሮ

ብዙ ሰው የቅድሚያ ነጥብን የሚያስበው እንደ ዕቁብ ነው። 12 ሰው ዕቁብ ቢገባ 12ኛው ዙር ላይ ሁሉም ደርሷቸዋል። መጨረሻ ላይ የቀረው ሰው ዕድለ ቢስ ሊባል ይችላል፤ ገንዘቡ እንደሚደርሰው ግን አይጠራጠርም። ይህ እርግጠኝነት የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፤ ዕቁቡ ከተጀመረ በኋላ አዲስ አባል አይገባም፣ በየዙሩ የሚወጣው ዕጣም ከአባላቱ ቁጥር ጋር ይመጣጠናል። በአደን ነጥብ ሁለቱም የሉም። በሩ በየዓመቱ ክፍት ነው፤ የሚገባውም ከሚወጣው ይበልጣል።

በዚህ ምክንያት የሚመጣውን ነገር አዳኞች ፖይንት ክሪፕ ይሉታል፤ አንድን ቀጣና ለማግኘት የሚያስፈልገው ነጥብ በየዓመቱ ወደ ላይ መሸሹ ነው። አሠራሩን በቁጥር እንይ። ለአንድ ቀጣና በዓመት 20 ፈቃድ አለ፤ በየዓመቱ 60 አዲስ ሰው ይሰለፋል። በአንድ ዓመት የገቡት 60 ሰዎች ተስተናግደው ለማለቅ 3 ዓመት ይወስድባቸዋል። በእነዚያ 3 ዓመታት ከኋላቸው ያሉት ሁሉ 3 ነጥብ ጨምረዋል፤ ተራው ግን የተንቀሳቀሰው በአንድ ዓመት ገቢዎች ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ነጥብ በየ3 ዓመቱ በ2 ነጥብ ያድጋል።

ዛሬ ቀጣናው በ8 ነጥብ የሚወጣ ቢሆን፣ ከዜሮ የሚጀምር ሰው «8 ዓመት» ብሎ ያስባል። ትክክለኛው ስሌት ሌላ ነው። እሱ በዓመት 1 ነጥብ ሲራመድ ግቡ በዓመት ሁለት ሦስተኛ ነጥብ ይሸሻል፤ በእውነት የሚቀርበው በዓመት በአንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። 8 ለአንድ ሦስተኛ ሲካፈል 24 ይሆናል። 24 ዓመት ማለት ነው። 5 ነጥብ ያለውና 3 የጎደለው ሰውም የሚጠብቀው 3 ዓመት ሳይሆን 9 ዓመት ነው።

ስሌቱ ለማንኛውም ቀጣና ይሠራል። የጎደለውን ነጥብ ውሰዱ፤ ከ1 ላይ የዓመቱን የሽሽት መጠን ቀንሱ፤ የመጀመሪያውን በሁለተኛው አካፍሉ። የሽሽት መጠኑን ለማግኘት የአምስት ዓመት ሪፖርት ይበቃል። ከአምስት ዓመት በፊት 6 ነጥብ፣ አሁን 9 ነጥብ ከጠየቀ በአምስት ዓመት 3 ሸሽቷል፤ በዓመት 0.6 ነው። 4 ነጥብ ላለው ሰው የጎደለው 5 ነው፤ 5 ለ0.4 ሲካፈል 12 ዓመት ተኩል ይሆናል። ሽሽቱ በዓመት 1 ነጥብ ከሆነ ደግሞ አካፋዩ ዜሮ ይሆናል፤ ያ ሰው ሁኔታው ካልተለወጠ በቀር በዕድሜ ዘመኑ አይደርስበትም። በአንዳንድ ዝነኛ የኤልክና የአጋዘን ቀጣናዎች ከታች ለሚጀምር ሰው እውነታው ይኸው ነው። ይህን ለጀማሪ ሳይነግሩ «ነጥብ መግዛት ጀምር» ማለት ተገቢ አይደለም።

ወረፋው የማይታይ ክፍልም አለው። ነጥብ የሚጠራቀመው ለእንስሳው ዓይነት ነው፤ ለቀጣናው አይደለም። የኤልክ ነጥብ ያለው ሰው በግዛቱ ውስጥ ባለ በማንኛውም የኤልክ ቀጣና ሊጠቀምበት ይችላል። በየዓመቱ ብዙ ሰዎች ለፈቃድ ሳያመለክቱ ነጥብ ብቻ ይገዛሉ። አንድ ቀጣና ትልልቅ ቀንድ እንደወጣበት ሲወራ እነዚህ ሰዎች የተከማቸ ነጥባቸውን ይዘው በአንድ ዓመት ይጎርፋሉ። ለዓመታት በ4 ነጥብ ሲወጣ የኖረ ቀጣና በድንገት 6 ወይም 7 የሚጠይቀው በዚህ ነው። አምና ያልነበሩ ሰዎች ዘንድሮ ከፊታችሁ የሚቆሙበት ወረፋ ነው።

1 በመቶ በ30 ዓመት

በተራ ዕጣ ደግሞ ሌላ ስህተት ይዘወተራል። ዕድሌ በዓመት 1 በመቶ ከሆነ በ100 ዓመት እርግጠኛ ነኝ፣ በ30 ዓመት 30 በመቶ ነኝ የሚል ስሌት ነው። ዕድል እንዲህ አይደመርም። መደረግ ያለበት ያለመውጣትን ዕድል ማባዛት ነው፤ 0.99 በራሱ 30 ጊዜ ሲባዛ 0.74 ይሆናል። በ30 ዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የመውጣት ዕድል 26 በመቶ ነው ማለት ነው። ከ100 ዓመት በኋላም 63 በመቶ ብቻ ነው። ዕድሉ በዓመት 5 በመቶ ከሆነ ግን በ20 ዓመት 64 በመቶ፣ 10 በመቶ ከሆነ በ10 ዓመት 65 በመቶ ይሆናል።

ከዚህ ለውሳኔ የሚጠቅም ነገር ይወጣል። በአንድ ዝነኛ ቀጣና 1 በመቶን ለ30 ዓመት ከማሳደድ፣ ዝናው መካከለኛ በሆነ ቀጣና 10 በመቶን ለ10 ዓመት መሞከር ከሁለት እጥፍ በላይ የተሻለ ነው። የኒው ሜክሲኮ አሠራር በዚህ በኩል ለአመልካቹ ደግ ነው፤ አንድ ማመልከቻ ሲነሳ አመልካቹ በቅደም ተከተል የሞላቸው ሦስቱም ምርጫዎች ታይተው ነው ወደሚቀጥለው ሰው የሚታለፈው። ስለዚህ አንደኛ ምርጫን እጅግ ከባዱን፣ ሦስተኛውን ቀለል ያለውን አድርጎ መደርደር አያስቀጣም።

ሪፖርቱ ሲነበብ የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

ሁሉም ግዛቶች ማለት ይቻላል ዕጣው ካለቀ በኋላ ስንት ሰው አመልክቶ ለስንቱ እንደወጣ ያትማሉ። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ሳይሆን አነባበቡ ላይ ነው።

ዋናው ስህተት ጠቅላላ አመልካችን ለጠቅላላ ፈቃድ ማካፈል ነው። በመካከል ሁለት ግድግዳ አለ፤ አንዱ ነዋሪነት፣ ሌላው ምርጫ። ኒው ሜክሲኮ 84 በመቶውን ለነዋሪዎች፣ 10 በመቶውን ከአስጎብኚ ጋር ውል ላላቸው፣ 6 በመቶውን ለሌላው ትመድባለች። አሪዞና ከግዛቱ ውጭ ለሚመጡት ጣሪያው 10 በመቶ ነው። ፈቃዱ ጥቂት በሆነበት ቀጣና መቶኛው ቀልድ አያውቅም፤  በዋዮሚንግ 25 በመቶ የተራ ዕጣ ድርሻ ለ3 ፈቃድ ሲሰላ አንድ አይሞላም፤ እንዲህ ባለው ቀጣና ነጥብ የሌለው ሰው «በዕጣው እገባለሁ» ቢል የሚገባበት ዕጣ የለም።

ሁለተኛው ለመሬት ባለቤቶችና ለወጣቶች አስቀድሞ የሚቀነሰውን ድርሻ መርሳት ነው። ግዛቱ በሚያወጣው የአደን ደንብ መጽሔት የተጻፈው 40 ፈቃድ ለአጠቃላይ ዕጣ ሲደርስ 40 ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው የድንበሩን ነጥብ፣ ማለትም ፈቃድ የወጣበትን ዝቅተኛ ነጥብ፣ እንደ ዋስትና ማየት ነው። «በ8 ነጥብ ወጥቷል» ሲባል ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ከባለ 8 ነጥቦች ለአንዳንዶቹ ወጥቷል ማለት ነው። 30 ሰዎች 8 ነጥብ ይዘው ለእነሱ የቀረው 2 ፈቃድ ከነበረ፣ 8 ነጥብ የነበረው ሰው ዕድል 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። በጽሑፉ መግቢያ ላይ ላለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፤ በዚያ ላይ አምና ያልወጣላቸው 28 ሰዎች ዘንድሮ 9 ነጥብ ይዘው ይቀድማሉ።

አራተኛው የነጥብ መጥፋትን አለማወቅ ነው። በኔቫዳ ከአምስቱ ምርጫዎች አንዱ እንኳ ቢወጣ ለዚያ እንስሳ የተጠራቀመው ነጥብ ዜሮ ይሆናል። በኮሎራዶና በዋዮሚንግ ግን እስካሁን ነጥብ የሚበላው አንደኛ ምርጫ ብቻ ነው። በመሆኑም በኮሎራዶ ልምድ ያላቸው አመልካቾች አንደኛ ምርጫቸው ላይ «ነጥብ ብቻ» የሚለውን ኮድ ያስገቡና ሁለተኛው ላይ በቀላሉ የሚወጣ ቀጣና ይሞላሉ፤ ያድናሉም፣ ነጥባቸውም ያድጋል። ሳያመለክቱ መቅረትም ያስከፍላል፤ በኔቫዳና በዋዮሚንግ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት፣ በአሪዞና ለአምስት ዓመታት ያላመለከተ ሰው ነጥቡን ያጣል።

በቡድን ማመልከትም እንደየግዛቱ ይለያያል። ኮሎራዶ የቡድኑን ነጥብ የምትቆጥረው ዝቅተኛ ነጥብ ባለው አባል ነው፤ 12 ነጥብ ያለው ሰው 2 ነጥብ ካለው ወንድሙ ጋር ቢገባ ሁለቱም በ2 ይቆጠራሉ። ዋዮሚንግ አማካዩን ትወስዳለች፤ በዚያ 7 ይሆናል። ከዚህ ሌላ፣ አራት ሰው አብሮ ሲያመለክት ተራቸው ሲደርስ የቀረው ፈቃድ 2 ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቡድኑ በሙሉ ይታለፋል። ጥቂት ፈቃድ ባለበት ቀጣና ላይ በትልቅ ቡድን መግባት ዕድልን በገዛ እጅ መቀነስ ነው።

የቀሩት የጥንቃቄ ጉዳዮች ናቸው። በማመልከቻው ላይ የሚሞላው የአደን ኮድ እያንዳንዱ ፊደልና ቁጥር ትርጉም አለው፤ አንዱ ከተሳሳተ ለሌላ ፆታ ወይም ለሌላ ወቅት ይመዘገባል። ገንዘቡ ከዕጣው በኋላ በሚቆረጥበት ግዛት ጊዜው ያለፈበት ካርድ የወጣን ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል። የአዳኝነት ሥልጠና የምስክር ወረቀትም ቀድሞ መያዝ አለበት፤ ኮሎራዶ ከ1949 መግቢያ ጀምሮ ለተወለደ ሁሉ ትጠይቃለች። ነዋሪ ለመባል ኮሎራዶና ኔቫዳ 6 ወር፣ ዋዮሚንግ አንድ ዓመት ሙሉ መኖርን ይጠይቃሉ፤ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው ሳይሞላው «ነዋሪ ነኝ» ብሎ ቢያመለክት በሕግ ያስጠይቀዋል።

ዋጋ እንደ በር

ዕድልን የሚወስነው ቀመሩ ብቻ አይደለም፤ ለማመልከት የሚጠየቀው ገንዘብም ነው። ኒው ሜክሲኮ ሙሉ የፈቃዱን ዋጋ አስቀድማ ትቀበልና ላልወጣለት ትመልሳለች። አይዳሆም ለሙስ፣ ለቢግሆርንና ለተራራ ፍየል እንዲሁ ታደርጋለች፤ ለእነዚህ ያመለከተ ሰው በዚያው ዓመት ለሌሎቹ ውስን አደኖች እንዳያመለክትም ትከለክላለች። በዚህ የተነሳ አመልካቹ ይቀንሳል፤ ያመለከተው ሰው ዕድል ይሻላል።

ተቃራኒው በ2018 በኮሎራዶ ታይቷል። ግዛቱ ሙሉ ክፍያን አስቀድሞ መጠየቅ ሲያቆም ለሙስ፣ ለቢግሆርንና ለተራራ ፍየል የሚያመለክተው ሰው በአንድ ዓመት በከፍተኛ መጠን ጨመረ። የእንስሳቱ ቁጥር አልተለወጠም፤ ዕድሉ ግን ወደቀ። አስቀድሞ መክፈል ለሀብታም ያደላል የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው፤ ለጥቂት ወራት ከ2,000 ዶላር በላይ አስይዞ መቀመጥ ሁሉም የሚችለው አይደለም። በሌላ በኩል በሩን ሙሉ በሙሉ መክፈት ደግሞ ከልቡ ሊያድን የተዘጋጀውንና እስኪ ልሞክር ያለውን አንድ ላይ ያሰልፋል።

ማን ይቅደም?

ለረጅም ዓመታት የጠበቁት የሚያቀርቡት ክርክር የውል ክርክር ነው፤ በየዓመቱ ከፍለናል፣ ሕጉ «የጠበቀ ይቀድማል» ብሎናል፣ አሁን በመሐል መለወጥ ክህደት ነው ይላሉ። የአዲስ አበባን የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የተከታተለ ሰው ይህን ስሜት ለመረዳት አይቸገርም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. የተመዘገቡትና በ2005 ዓ.ም. የተመዘገቡት ማን ይቅደም የሚለው ሙግት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ወጣቶቹ ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ ዛሬ ቢጀምር ዝነኛውን ቀጣና የሚያየው አርጅቶ ከሆነ፣ አደን የሚወርሰው ትውልድ ከየት ይመጣል ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚጋጩት ፈቃዱ ስላነሰ ነው።

የነዋሪና የውጭ ሰው ሙግት ሕጋዊ መልስ አግኝቷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 በሞንታና ጉዳይ ላይ ለመዝናኛ የሚደረግ የኤልክ አደን መሠረታዊ መብት ስላልሆነ ግዛት ከውጭ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ መጠየቅ ይችላል ሲል ወስኗል። በ2002 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የአሪዞናን 10 በመቶ ጣሪያ በጥያቄ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ኮንግረስ በ2005 ባወጣው ሕግ ግዛቶች ነዋሪንና ነዋሪ ያልሆነን መለየት እንደሚችሉ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ አዝማሚያው ወደ ነዋሪው ያደላ ነው። ዋዮሚንግ ከ2023 ጀምሮ ከሙስ እና ከቢግሆርን ፈቃድ 90 በመቶውን ለነዋሪዎች አድርጋለች፤ ኮሎራዶም በ2025 ከውጭ ለሚመጡ የቀስት ኤልክ አዳኞች ያለ ዕጣ በመደብር ይሸጥ የነበረውን ፈቃድ ወደ ዕጣ አስገብታለች።

ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው አዳኝ በኮሎራዶ ለኤልክ የሚከፍለው ነዋሪው ከሚከፍለው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ቆጠራውን፣ ጠባቂውንና የመኖ መሬቱን የሚደግፈው ገንዘብ በብዛት ከዚያ ይመጣል። ነዋሪዎች ድርሻቸው እንዲያድግ ሲጠይቁ የራሳቸው የፈቃድ ዋጋ አብሮ እንዲነሳ ፈቃደኛ መሆናቸውም መጠየቅ አለበት፤ ይህ ጥያቄ በሕዝብ ስብሰባዎች ላይ የሚገባውን ያህል አይነሳም። ነጥብም ለመሥሪያ ቤቶቹ ገቢ ነው። ዋዮሚንግ ከግዛቱ ውጭ ለሚኖር ሰው አንድ የሙስ ወይም የቢግሆርን ነጥብ በ150 ዶላር ትሸጣለች። ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከወረደ በኋላ ለዓመታት የከፈሉ ሰዎች ነጥባቸው የመውጣት ተስፋው በአንድ ጊዜ ተሸርሽሯል፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

የኮሎራዶ ለውጥ ማንን ይነካል?

ወደ ምሳሌ ቀጣናችን እንመለስ። ከ10ሩ ፈቃድ 5ቱ በነጥብ ብልጫ፣ 5ቱ በቦነስ ዕጣ ቢሰጡና ቦነሱ ከላይ እንዳየነው ነጥብ ሲደመር 1 ተብሎ ቢሰላ፣ የባለ 10 ነጥቦቹ ዕድል ከ5 በመቶ ወደ 3.7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ባለ 5 ነጥቦቹ ከዜሮ ወደ 0.7፣ አዲሶቹ ከዜሮ ወደ 0.1 በመቶ ይወጣሉ። ለአዲሱ ሰው ከዜሮ መውጣቱ ትልቅ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ በቁጥር ሲታይ ግን ከ900 አመልካች አንድ ነው።

ይበልጥ የሚነኩት ከአናት ሁለትና ሦስት ነጥብ ዝቅ ብለው ያሉት ናቸው። በቀድሞው አሠራር በጥቂት ዓመታት ተራቸው እንደሚደርስ ያሰሉ ሰዎች ከፊታቸው ያለው ሰልፍ በዓመት 10 ሰው ይቀንስ የነበረው በአዲሱ አሠራር በእርግጠኝነት የሚቀንሰው 5 ነው። የቀሩት 5 በዕጣ ከየትም ይወጣሉ፤ ከፊታቸው ካለው ሊሆን ይችላል፣ ከኋላቸው ካለውም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከ2028 በፊት ባሉት ዕጣዎች መካከለኛ ነጥብ ያላቸው ብዙ ሰዎች ነጥባቸው ዋጋ ሳያጣ ለመጠቀም ወደ መካከለኛ ቀጣናዎች ሊጎርፉ እንደሚችሉ መገመት ይቻላል። ያ ከሆነ በ3፣ በ5 እና በ7 ነጥብ ሲወጡ የነበሩ ቀጣናዎች በእነዚያ ዓመታት ከወትሮው የፈጠነ ሽሽት ያሳያሉ። በኮሎራዶ ነጥብ ያለው ሰው የሽሽት መጠኑን ሲያሰላ የአምስት ዓመቱን አማካይ ብቻ ሳይሆን የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ለብቻ አውጥቶ ቢያይ ይሻለዋል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁ ጎርፉ እሱ ባሰበበት ቀጣና ጀምሯል ማለት ነው።